ቲቢ ሁሉ ከውስጥ አይነሣም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጤና አምዳችሁ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ ገብቶበት እንደሚገመት፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ብቻ በሕይወት ዘመናቸው እንደሚታመሙ መጻፋቸው ልክ ነው። ታማሚን ማግለል ነውር መሆኑን ማሳሰባቸውም ያስመሰግናቸዋል። የማልስማማው ከእነዚህ ሁለት እውነቶች ተነሥተው በደረሱበት መደምደሚያ ነው፦ ቲቢ በአብዛኛው ከዓመታት በፊት ገብቶ የተኛው ባክቴሪያ አቅም ሲደክም የሚቀሰቀስ በሽታ ስለሆነ፣ ማን ከማን ያዘው ብሎ መፈለግ እምብዛም ጥቅም የለውም ይላሉ። ይህ አባባል ስዊድን ውስጥ ቢጻፍ ብዙም ባልተቃወምኩት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነበብ ጋዜጣ ግን አደገኛ ማጽናኛ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በቲቢ ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

አንድ ሰው ቲቢ ታመመ ሲባል ከበስተጀርባው ከሁለት ታሪኮች አንዱ አለ። ባክቴሪያው በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ ገብቶበት፣ ሰውነቱ ከቦ ይዞት፣ ሳያስለውና ለማንም ሳያስተላልፍ ዐሥርና ሃያ ዓመት ከኖረ በኋላ ስኳር ሲይዘው፣ ሲያረጅ፣ ኤች አይ ቪ ሲገባበት ወይም መከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሲጀምር ተቀስቅሶበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የድብቅ ቲቢ መነሣት ነው። አለዚያም ከጥቂት ወራት ወይም ከአንድና ሁለት ዓመት ወዲህ አክታው ባክቴሪያ ያለበት ሰው አጠገብ ሆኖ የተነፈሰው አየር ነው ያሳመመው። ለታማሚው ለራሱ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ የሚውጠው ያው የስድስት ወር መድኃኒት ነው። በዙሪያው ላሉት ሰዎች ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ታማሚ በሽታውን የሰጠው ሰው ምናልባት ዛሬ በሕይወት የለም። የሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ አሁንም በሕይወት አለ፣ እዚያው ሰፈር ነው፣ አሁንም ያስላል፣ መዝገባችንም ላይ ስሙ የለም።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ አንድ የራሴ ስሕተት ነው።

የዛሬ ዐሥር ዓመት ገደማ በሰሜን አዲስ አበባ፣ ሽማኔዎች በሚበዙበት ሰፈር ስሠራ፣ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን አቅፋ መጣች። ልጅቱ ከስታለች፣ መብላት ትታለች፣ ትኩሳቱ ሄድ መጣ እያለ ወር አልፎታል። ሐኪሙ ራጇንና ሁኔታዋን አይቶ ቲቢ ነው ብሎ ወሰነ፤ እኔም መድኃኒቱን ለማስጀመር መዝገቡን ገለጥኩ። «በቤታችሁ የሚያስል ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኧረ ማንም የለም ሲስተር» አለችኝ። ንክኪ ያላቸው ሰዎች በሚመዘገቡበት ዓምድ ላይ ዜሮ ጻፍኩና ወደ ቀጣዩ ተረኛ አለፍኩ። በዚያ ቀን ደጅ ላይ ከሃያ ሰው በላይ ይጠብቅ ነበር፤ ይህን የምለው ለማመካኘት ሳይሆን ዜሮ እንዴት ቶሎ እንደሚጻፍ አንባቢ እንዲያውቀው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱን ያመጡልኝ አያቷ ነበሩ። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳሉ፤ ከደረት ሥር የሚመጣ፣ ሲያበቃ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳል ነበር። «እማማ፣ ይኼ ሳል ከጀመረዎት ቆየ?» ስላቸው፣ «ኤዲያ፣ ይኼማ የኖረ ነው ልጄ፤ ብርድ ነው» አሉኝ። ስኳር አለባቸው። በዚያ ዓመት ብቻ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የግል ክሊኒክ ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ታዞላቸዋል፤ አክታ ስጡ ያላቸው ግን አልነበረም። አክታቸው የባክቴሪያውን ዘረመል በሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ሲመረመር ውጤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወጣ፤ ቲቢ ነው። ልጅቱ ጡት ከተወች ጀምሮ የምትተኛው ከአያቷ ጋር በአንድ አልጋ ነው። እናቲቱን አስጠርቼ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ፊቷ ላይ ምንም የመደበቅ ምልክት ሳይታይ፣ «እማማን ነው እንዴ? እሳቸው እኮ ሁልጊዜም ያስላቸዋል» አለችኝ። ለእሷ የእማማ ሳል እንደ ቤቱ በር መንጫጫት ነበር፤ ስለለመደችው አትሰማውም።

ኋላ ከአያቲቱ ጋር ስንቀራረብ አንድ ነገር አጫወቱኝ። በንጉሡ ጊዜ፣ ልጅ እያሉ፣ ታላቅ ወንድማቸው ደም እየተፋ ነው የሞተው። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያው ገብቶባቸው ስድሳ ዓመት ያህል ተኝቶ ኖሮ ስኳሩ ቀስቅሶት ይሆናል፤ ላረጋግጠው ግን አልችልም፤ በቅርብ ጊዜ ከሌላ ሰው ይዟቸውም ሊሆን ይችላል። የልጅቱ ነገር ግን ምንም ምናልባት የለውም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ባክቴሪያ የሚደበቅበት ያለፈ ዘመን የላትም፤ የያዛት ከተወለደች ወዲህ ነው፣ የያዛትም ቅርቧ ካለ ሰው ነው። በአንድ አልጋ ላይ፣ ምናልባት፣ ሁለቱም የቲቢ ታሪኮች አብረው ተኝተው ነበር። ቲቢ የያዘው ሕፃን በመጣ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው፤ ሕፃኑ ታማሚ ብቻ ሳይሆን መርማሪ ያላገኘው አንድ የሚያስል አዋቂ ለመኖሩ ምስክር ነው።

አሁን ጸሐፊው ወዳነሡት ቁጥር ልመለስ። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚለው በዕድሜ ዘመን ሁሉ እኩል የተበተነ ተደርጎ ከተነበበ ያሳስታል። ባክቴሪያው ከገባ በኋላ የሚታመም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ቶሎ ነው። በኔዘርላንድስ ማን ከማን እንደያዘው የታወቀላቸውን ታማሚዎች የ15 ዓመት መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንደገመተው፣ በ15 ዓመት ውስጥ ከታመሙት 62 በመቶ ያህሉ የታመሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ 83 በመቶ ያህሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ የመቀስቀስ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ወጣት ታሞ ሲመጣ፣ በተለይም ቲቢ በበዛበት አገር፣ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የልጅነቱ ዘመን ሳይሆን ያለፉት ሁለት ክረምቶች ናቸው።

ሁለቱን ታሪኮች በላቦራቶሪ መለየት የተቻለው በቅርብ ጊዜ ነው። ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የአንዱ ታማሚ ባክቴሪያ ከሌላው ታማሚ ባክቴሪያ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ መንገድ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባክቴሪያውን ዘረመል እንደ ጣት አሻራ ማንበብ ተቻለ። የሁለት ሰዎች ባክቴሪያ አሻራው አንድ ከሆነ አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱም በቅርብ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ይዟቸዋል ተብሎ ይገመታል፤ ከማንም ጋር የማይመሳሰል አሻራ ያለው ደግሞ የቆየ ባክቴሪያ ተነሥቶበት ይሆናል።

የመጀመሪያው ድንጋጤ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ አገር ከዐሥር የቲቢ ታማሚዎች ዘጠኙ የድሮው ተቀስቅሶባቸው ነው የሚለው እምነት እንደ ቀኖና ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሳን ፍራንሲስኮና ከኒው ዮርክ ብሮንክስ የወጡ ሁለት ጥናቶች ግን ከታማሚዎቹ ከአንድ ሦስተኛ እስከ 40 በመቶ የሚደርሱት አዲስ የተያዙ መሆናቸውን አሳዩ። ኒው ዮርክ በ1992 ብቻ 3,811 ታማሚ መዝግባ ነበር። ከተማዋ መድኃኒቱን በባለሙያ ዓይን ፊት እያዋጠች፣ በሆስፒታል፣ በእስር ቤትና ቤት አልባዎች በሚያድሩባቸው መጠለያዎች የሚተላለፍበትን መንገድ ስትዘጋ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስቡ እወዳለሁ። በሽታው በአመዛኙ ከ1940ዎቹና ከ1950ዎቹ የተረፈ ባክቴሪያ ሲነቃ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚያስሉትን በማከም ብቻ በስድስት ዓመት ይህን ያህል ሊቀንስ ባልቻለ ነበር።

የድሮው አይነሣም እያልኩ እንዳይመስልብኝ። ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ በጣም የገረመኝ ከዴንማርክ የመጣ ነው። በዚያ አገር በ1961 የታመመ አንድ አባት የነበረበት ባክቴሪያ ደርቆ በቤተ ሙከራ ተቀምጦ ነበር። በ1994 ልጁ ቲቢ ታመመ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተቀመጠው የአባት ባክቴሪያ ተወስዶ አሻራው ከልጁ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ባክቴሪያው ከአባት ወደ ልጅ ከገባ በኋላ ያን ሁሉ ዘመን ሳይለወጥ ተኝቶ ኖሯል ማለት ነው። እማማ ስለ ወንድማቸው ያጫወቱኝን ያላቃለልኩት ስለዚህ ነው።

ይሁንና የዴንማርኩ ታሪክ ሊታወቅ የቻለው ዴንማርክ ውስጥ ስለሆነ ነው። በዚያ አገር ታማሚ ጥቂት ነው፣ የሁሉም ባክቴሪያ ይቀመጣል፣ የሁሉም አሻራ ይነበባል። እኛ ዘንድ በአንድ ከተማ ከሚታመሙት ውስጥ አክታው ወደ ጥናት ቤተ ሙከራ የሚደርሰው የጥቂቱ ነው። ከዐሥር ሰው የሦስቱን ብቻ አሻራ ካነበብን፣ የአንዱ ጥንድ ካልተነበቡት ሰባቱ መካከል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ጥንድ የለውም ብለን «የድሮው ነው የተነሣበት» እንላለን። ጥናቱ በሳሳ ቁጥር የድብቅ ቲቢ ድርሻ ያለ አግባብ ያብጣል፣ የመተላለፉ ድርሻ ይቀንሳል። ስሕተቱ በሌላ አቅጣጫም ይመጣል። በአንድ አካባቢ ለብዙ ዘመን የሰፈነ የባክቴሪያ ዘር ካለ፣ ተዋውቀው የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ አሻራ ሊኖራቸው ይችላል። የኛው ሰሜን ወሎ ከዐሥር ዓመት በፊት ገደማ በዓለም የቲቢ ተመራማሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀው፣ በሌላ አገር እምብዛም የማይገኝ፣ ሰባተኛ የባክቴሪያ የዘር ሐረግ ወልዲያ አካባቢ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ አሻራ ብቻውን አይፈርድም፤ ከማን ጋር ነው የምትኖረው፣ የት ነው የምትሠራው የሚለው የነርስ ጥያቄ አብሮት ካልሄደ ሥዕል እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ሌላም ሦስተኛ ታሪክ አለ፤ በጽሑፋችሁ ጨርሶ አልተነሣም። አንድ ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላ እንደገና ሲታመም የድሮው አገረሸበት፣ መድኃኒቱን በትክክል ስላልወሰደ ነው እያልን ስንወቅሰው ኖረናል። እኔም ወቅሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የወጣ ጥናት ድነው እንደገና ከታመሙ 16 ሰዎች የ12ቱ ባክቴሪያ ከፊተኛው የተለየ መሆኑን አሳየ። አዲስ ሰው፣ አዲስ አየር፣ አዲስ ባክቴሪያ ነው። አንድ ጊዜ መታመም ለሁለተኛው ጋሻ አይሆንም፤ ታማሚው የተመለሰበት ቤትና ሰፈር ካልተለወጠ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ የዋጠ ሰውም ሊመለስ ይችላል።

ከዚያው ከኬፕ ታውን በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኔ፣ ቤት ለቤት ለምዞረው ነርስ፣ ምቾት አልሰጠኝም። ቲቢ በበዛበት በዚያ ሰፈር ከመተላለፉ ውስጥ በአንድ ቤት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የተፈጸመው 19 በመቶው ብቻ ነበር። የቀረው ከቤት ውጭ ነው። እኛስ የት ነው አብረን የምንተነፍሰው? ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ የሚወርደውን ሚኒባስ ማየት ይበቃል። ዐሥራ ሁለት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ሰው ተጠጋግቶ፣ ከኋላ ያለው አንዱ ትንሽ መስኮት ሲከፍት ከፊት ያሉት እናት «ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ይመታኛል» ይላሉ፤ እሱም በጨዋ ደንብ ይዘጋዋል። በኮሮና ጊዜ ትንሽ ለምደነው ነበር፤ አሁን ተመልሰን ዘግተነዋል። በመስኮትና በመስኮት መካከል የሚያልፍ ነፋስ ያሳምማል የሚለው እምነታችን የሚያስል ሰው ያወጣውን አየር ለሰዓት ያህል እዚያው አስቀምጦ ያስተነፍሰናል። እማማም ሳላቸውን ብርድ ነው ያሉት ከዚሁ እምነት ተነሥተው ነው፤ መኝታ ቤታቸው አንድ መስኮት ነበረው፣ በጨርቅ ተወትፏል።

አየሩ ራሱ ተሸካሚ መሆኑ በወሬ የተያዘ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ ባልቲሞር፣ ሪቻርድ ራይሊ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የቲቢ ታማሚዎች ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቧንቧ ወደ ሕንፃው አናት ወስዶ ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት እንዲተነፍሱት አደረገ። እንስሳቱ ታማሚዎቹን አላዩአቸውም፣ ዕቃቸውን አልነኩም፣ ከሣህናቸው አልበሉም፤ የወሰዱት አየሩን ብቻ ነው፣ ተያዙም። ያው አየር በአልትራቫዮሌት ብርሃን ውስጥ አልፎ የደረሳቸው ሌሎቹ ግን አልተያዙም። የታማሚን ብርጭቆና ማንኪያ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ግን መስኮቱን ዘግቶ አብሮት የሚያድር ቤተሰብ ባጋጠመኝ ቁጥር ይህን ሙከራ እተርክላቸዋለሁ። ሌላም የምጨምርላቸው ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ከሠራለት ታማሚ የመተላለፍ ዕድሉ ቶሎ ይቀንሳል። መፈራት ያለበት መድኃኒት ላይ ያለው ጎረቤት ሳይሆን ገና ያልተመረመረው ሳል ነው። ጸሐፊው ማግለልን ለመቃወም ብለው መተላለፉን ማሳነስ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ እውነቱ ራሱ ለታማሚው ይከራከርለታል።

መጀመሪያ ላይ ስዊድንንና አዲስ አበባን የለየሁት ለምን እንደሆነ በውጭ ባሉ ወገኖቻችን ማስረዳት ይቀላል። በአሜሪካ ዛሬ ከሚመዘገበው ቲቢ ከ80 በመቶ በላዩ የቆየ ኢንፌክሽን ሲቀሰቀስ የሚመጣ መሆኑን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገምታል፤ ታማሚዎቹም በአብዛኛው በሌላ አገር የተወለዱ ናቸው። የሚቆጥሩበትም መንገድ ጥንቁቅ ነው። አንድ ታማሚ በቅርቡ ተይዟል የሚሉት፣ አሻራው ከእሱ ጋር አንድ የሆነ አስተላላፊ ታማሚ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ፣ በ16 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከተገኘ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ወይም ሲያትል በገባ በስድስተኛው ዓመት ቢታመም የመጀመሪያው ግምት ባክቴሪያውን ከአገሩ ይዞት ሄዷል የሚል ነው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። በዚያ አገር ቡና አብሮ የጠጣን ወገን መሸሽ ከንቱ ነው፤ የሚጠቅመው ድብቁን በደም ወይም በቆዳ ምርመራ አግኝቶ ሳይነሣ ማከም ነው። የጽሑፋችሁ ምክር ለዚያ አንባቢ ይሠራል።

በገልፍ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከመሄዳቸው በፊት የደረት ራጅ ይነሣሉ። ራጅ የታመመ ሳንባን ወይም የዳነ ጠባሳን ያሳያል እንጂ ድብቅ ቲቢን አያሳይም። ራጇ ንጹሕ ነው ተብላ የሄደች ልጅ በሁለተኛው ዓመት ብትታመም፣ ሐሰተኛ ወረቀት አምጥታ ነው ወይም ደብቃ ነው ትባላለች፤ ብዙ ጊዜ ከሥራም ከአገርም ትባረራለች። እሷ የደበቀችው ነገር የለም። ባክቴሪያው አገሯ ሳለች ገብቶባት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እዚያው ከሚያስል ሰው ጋር በአንድ ክፍል አድራ ይዟት ይሆናል፤ ማንም ግን አይጠይቅላትም።

እኛ አገር ለድብቅ ቲቢ የሚሰጠው የመከላከያ ሕክምናም ቢሆን የሚጠቅመው ከመተላለፉ ታሪክ ጋር ሲያያዝ ነው። ቀድሞ አይሶናያዚድ ለስድስት ወር በየቀኑ መዋጥ ነበረበት፤ ዛሬ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ ጥምር መድኃኒት አለ። ድብቅ ባክቴሪያ ያለበትን ሁሉ ፈልጎ ማከም በኛ አቅም የማይታሰብ ነው፤ ቢታከምም ነገ ሚኒባስ ውስጥ እንደገና ይያዛል። ነገር ግን ትናንት አያቷ የተመረመሩባትን ልጅ፣ ባሏ መድኃኒት የጀመረላትን ሚስት፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበትን ሰው ማግኘት ይቻላል። በተለይ ኤች አይ ቪ ኖሮበት ሕክምና ያልጀመረ ሰው ውስጥ ድብቁ ቲቢ የመነሣት ዕድሉ በየዓመቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፤ ሌላው ሰው በዕድሜው ሙሉ ያለበትን አደጋ እሱ በአንድ ዓመት ይጋፈጠዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠቱ ብዙ ሰው ከኤች አይ ቪ ብቻ ሳይሆን ከቲቢም እንዳተረፈ በዚያ ዘመን በቲቢ ክፍል የሠራን ሁሉ በዓይናችን አይተናል።

ወደዚያው ቤት ልመለስ። የአያቲቱ ውጤት እንደወጣ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ሄድን። በሁለት ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ይኖራል። የአያቲቱ ትልቁ ልጅ ሽመና ሲሠራ አገኘነው፤ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ ነው። እሱንም አምስት ሳምንት ሲያስለው ቆይቷል፤ የድር አቧራ ነው ብሎ ትቶታል። አክታው ቲቢ ሆነ። ከጎኑ ባሉት ሁለት የሽመና ጉድጓዶች የሚሠሩት ልጆች ደግሞ የቤተሰቡ አባል ስላልሆኑ በማንም የንክኪ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። አንደኛው ከክፍለ ሀገር ከመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። እሱ በሚቀጥለው ዓመት ቢታመም ኖሮ፣ አሻራ የሚነበብለት በሌለበት፣ የትኛው ባለሙያ ነው ድብቁ ተነሣበት የማይለው?

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ሲደርስ በዚሁ አምድ እንደገና እንደምትጽፉ አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ «ከአራት ሰው አንዱ ተሸክሞታል» የሚለውን ቁጥር ስታወጡ፣ ከጎኑ የሁለቱን ዓመት ነገር አብራችሁ አውጡ። አንባቢም የጤና ባለሙያም «በቤታችሁ የሚያስል አለ?» በማለት ፈንታ «ልጁ ከማን ጋር ነው የሚተኛው? አንተስ ከማን ጎን ተቀምጠህ ነው የምትሠራው?» ብሎ እንዲጠይቅ ጻፉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ጠይቄ ዜሮ ነው ያገኘሁት። ያን ዜሮ ሰርዤ በላዩ ላይ 7 ስጽፍ የመዝገቡ ወረቀት በብዕሩ ተቀዶ ነበር፤ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ ነርስ
ከአዲስ አበባ